የእንጦጦ ድንጋይና የባሕር ወለል ላቫ፦ ስለ ዕድሜ ልኬት ተረትና እውነታ

የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዕድሜ በካርቦን ይለካል የሚለው እምነት ስሕተት ነው። ካርቦን 14 የሚያገለግለው ሕይወት ለነበረው ነገር ማለትም ለከሰል፣ ለእንጨትና ለአጥንት ሲሆን፣ ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይም አያስኬድም። የእንጦጦ ተራራ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች፣ ትራካይትና ራዮላይት፣ ዕድሜ የተለካው በፖታሲየምና በአርጎን ነው። ፖታሲየም 40 በ1.25 ቢሊዮን ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከሚቀንሰው ውስጥ አንድ አሥረኛ ያህሉ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ላቫው ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ከረጋ በኋላ የሚፈጠረው ግን በማዕድኑ ውስጥ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ የእንጦጦን ዕድሜ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አድርሶታል።

ሁለተኛው እምነት በግማሽ እውነት ላይ ስለቆመ ይበልጥ ያሳስታል፦ «በቅርቡ የፈሰሰ የባሕር ወለል ላቫ ሚሊዮን ዓመታት ከተሰጠው ዘዴው ከንቱ ነው።» በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ተመራማሪዎች ከሃዋይ ኪላዌያ ጥልቅ ባሕር የወጣ ለጋ ባዛልት መርምረው፣ በድንጋዩ የመስታወት ቅርፊት ላይ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚያስመስል አርጎን አግኝተዋል። ይህን ችግር ፈልገው ያጋለጡት ራሳቸው የዘዴው ባለሙያዎች መሆናቸው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ምክንያቱንም ለይተዋል። ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ውኃ የሚያሳርፈው ግፊት ጋዙን ያፍነዋል፤ ቀዝቃዛው ውኃም የላቫውን ገጽ ወዲያው ያረጋዋል። ከከርሰ ምድር የመጣው አርጎን በዚያው ታስሮ ይቀራል። ቀስ ብሎ በቀዘቀዘው የድንጋዩ እምብርት ግን ትርፉ አርጎን በጣም ያንሳል፤ ውኃው ጥልቀት በሌለው ቦታም እንዲሁ።

የእንጦጦ ላቫ የፈሰሰው በየብስ ላይ ነው፤ ስለዚህ ይህ ወጥመድ አልገጠመውም። ጥቂት አርጎን ቀርቶበት የመቶ ሺህ ዓመት ስሕተት ቢፈጠር እንኳ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ግማሽ በመቶ አይሞላም። ለለጋ የባሕር ወለል ድንጋይ ያው ስሕተት ከራሱ ዕድሜ ይበልጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ላቫ በሌላ ሰዓት ይለካል፤ ለምሳሌ በ138 ቀን በግማሽ የሚቀንሰው ፖሎኒየም 210 የወራት ዕድሜ ያለውን ፍንዳታ ይለያል።

በየካ ተራራ ከአለት የተፈለፈለውን የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዕድሜም ድንጋዩን ለክቶ ማወቅ ይቻላል የሚሉ አሉ። አይቻልም። አርጎን የሚቆጥረው ላቫው ከቀዘቀዘበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ መሮው ያረፈበትን ዘመን ግን የሚነግረው ታሪክና አርኪዮሎጂ ነው።