ጉና የማይጋርደው ሞገድ

ባሕር ዳርንና ነፋስ መውጫን በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ብታገናኙ፣ መስመሩ ጉና ላይ ይወጣል። ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሳው ይህ ተራራ ለኤፍ ኤም ሬድዮ ክፉ ጎረቤት ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ያለ ነው፤ ማሰራጫው ያላየውን ቦታ ሞገዱም ብዙ አይደርስበትም። ፎገራ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ከባሕር ዳር የሚላከውን ጥርት አድርጎ ሲሰማ፣ ከጉና ጀርባ ያለው ጋይንቴ ግን ቅርብ ማሰራጫ ካልተተከለለት የሚተርፈው ሹክሹክታ ነው።

መካከለኛና አጭር ሞገድ ጠባያቸው ሌላ ነው። መካከለኛው ቀን ቀን መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሲመሽ ከላይ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። አጭሩ ቀንም ሌሊትም ይነጥራል። የዶቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የደጋው ሰው ከጀርመን ወሬ የሰማው በዚሁ በአጭር ሞገድ ነበር። ስለዚህ በደብረ ታቦር፣ በእስቴ ወይም በስማዳ ተቀምጦ ሬድዮ በእጁ ሠርቶ መማር የሚፈልግ ሰው በኤፍ ኤም ባይጀምር እመክራለሁ።

የትምህርት መጻሕፍት ሁልጊዜ የሚያስቀድሙት ያለ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ሬድዮ ነው። ረጅም ሽቦ፣ ጥቅል፣ አንድ ዳዮድና የጆሮ ማዳመጫ ይበቁታል፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞገዱ ከራሱ ነው። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ለጠንካራ ማሰራጫ ጎረቤት የተፈጠረ ነው፤ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ጌጃ ዴራ ካለው ማሰራጫ በቀጥታ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚርቀው ለደብረ ታቦር ወጣት ተስፋ ማስቆረጫ ሊሆን ይችላል። ለእሱ የሚሻለው በእንግሊዝኛ መጻሕፍት “ሪጀነሬቲቭ” የሚባለው መቀበያ ነው።

ይህን ዘዴ በ1912 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ ነው፤ ያኔ ገና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ትራንዚስተሩ፣ በእሱ ዘመን ቫልቩ ማለት ነው፣ ካጎላው ምልክት ጥቂቱ ተቀንሶ ወደ መግቢያው ይመለሳል። የተመለሰው እንደገና ይጎላል፣ ከእሱም ጥቂቱ እንደገና ይመለሳል። ጥበቡ ያለው መጠኑ ላይ ነው። ቁልፉን በቀስታ እያዞሩ ፉጨት ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ማቆም ያስፈልጋል፤ ካለፈ ሬድዮው ራሱ ማሰራጫ ሆኖ ጎረቤትን ይረብሻል። በልኩ ከቆመ ግን አንድ ትራንዚስተር የብዙዎችን ሥራ ይሠራል። ይኸው ሰው በ1918 እ.ኤ.አ. ዛሬ በየቤቱ ያለው ሬድዮ የሚሠራበትን ሱፐርሄትሮዳይን ፈለሰፈ፤ በ1933 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኤፍ ኤም ፈጠራ መብቱን አገኘ። ጉና የሚያግደውንም የማያግደውንም ያመጣው አንድ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ዕቃ ፍለጋ መርካቶ መውረድ አያስፈልግም። የሞተ ሬድዮ በየቤቱ ቆጥ ላይ አለ፤ ለጀማሪ ከአዲስ ዕቃ የተሻለ ነው ባይ ነኝ፣ ሲፈታ ያስተምራልና። ሽቦ የተጠቀለለበት ጥቁር የፌራይት ዘንግ፣ ጣቢያ መምረጫው ተለዋዋጭ ኮንደንሰር፣ ትራንዚስተሮቹ፣ ስፒከሩ ሁሉ ከእሱ ይወጣሉ። ጣቢያ የሚመረጠው በጥቅሉና በኮንደንሰሩ ጥምረት ነው። 240 ማይክሮሄንሪ ጥቅል ከ365 ፒኮፋራድ ጋር 540 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይቃኛል፤ ኮንደንሰሩ ወደ ሩብ ሲቀነስ ድግግሞሹ እጥፍ ሆኖ 1,080 አካባቢ ይደርሳል። ወደ አጭር ሞገድ ለመሻገር ጥቅሉን ጥቂት ዙር ብቻ ባለው መተካት ነው።

ከመፍታት በፊት ግን ሬድዮው በእውነት መሞቱን ማረጋገጥ ደግ ነው። ብዙው የሞተው ከውስጡ ፈሳሽ በወጣ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ፈሳሹ የመያዣውን ሽቦ በልቶት ይገኛል። ሌላው ሲወድቅ መገጣጠሚያው ለቆ፣ ወይም የድምፅ መጨመሪያው አቧራ ጠጥቶ ነው የሚንኮሻኮሸው። ቴስተርና መበየጃ የያዘ ሰው ይህን ያቃናዋል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር አናት ያላቸውን ትንንሽ የብረት ሳጥኖች ግን በካቻቢቴ አትነካኩ። ቀዩ የሬድዮውን ኦሲሌተር፣ ሌሎቹ ውስጣዊውን የ455 ኪሎኸርዝ ድግግሞሽ የሚያቃኑ ናቸው፤ በግምት የዞሩ እንደሆነ ደህናውም ሬድዮ ደንቆሮ ይሆናል። በክረምት ነጎድጓድ ሲያጉረመርም የውጭውን አንቴና ሽቦ መንቀል የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ከ220 ቮልት ጋር የተያያዘ ዕቃም ለጀማሪ አይደለም።

መስማት የለመደ ሰው መናገርም ያምረዋል። በአገራችን የአማተር ሬድዮ ማኅበር አለ፤ የክበቡ ጣቢያ የጥሪ ምልክት ኢቲ3ኤኤ ነው፣ የሚገኘውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ነው። አማተሮች ከሚጠቀሙባቸው ሞገዶች አንዱ ከ7 ሜጋኸርዝ የሚጀምረው ነው፤ ሽቅብ ተልኮ ከአዮኖስፌር ሲመለስ ጉናንም የዓባይን ሸለቆም ተሻግሮ ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር መድረስ የሚችል ሞገድ ነው። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ግን ወንጀል ነው፤ የሬድዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ስፍራ ናት። ያን ጊዜ የመሣሪያው ዕውቀት ከውጭ በመጡ ሰዎች እጅ ነበር፤ አሁን ግን የከተማው ሬድዮ ጠጋኞች እጅ ላይ አለ። ኢንስቲትዩቱ አንድ ክፍልና አንድ የጣሪያ ሽቦ ሰጥቶ፣ እነዚህን ጠጋኞች በአስተማሪነት ጠርቶ የሬድዮ ክበብ ያቋቁም፤ ተማሪዎቹም ለፈቃዱ ያመልክቱ።