ስለ ጨጓራ አሲድ መብዛትና ስለ ስሙ አተረጓጐም

በመንዝ አገር ከመሐል ሜዳ አጠገብ የሚኖሩ አያቴ ሆዳቸውን እያቃጠላቸው ወደ ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም «አሲድ በዝቶብዎታል» የሚል ነው። አያቴ አሲድ ሲባል የሚያውቁት በመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን፣ ልብስ የሚበላውን ፈሳሽ ነው። ስለዚህ በድግስ ላይ አንድ ሰው አሲድ አጠጥቶኛል ብለው ጠረጠሩ፤ በዚያ ጎረቤታቸው ቤትም እህል መቅመስ ተዉ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነገር ነው።

ሐኪሞች ለዚህ ሁኔታ የሰጡት ስም «ሃይፐርክሎርሃይድሪያ» ይባላል። «ሃይፐር» በግሪክ ቋንቋ ከልክ በላይ ማለት ነው። «ክሎር» እና «ሃይድር» ክሎሪንንና ሃይድሮጅንን፣ ይኸውም ከሁለቱ የሚገኘውን ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ያመለክታሉ። እንግዲህ ቃሉ በጠቅላላው የጨጓራ አሲድ ከልክ ማለፍ ማለት ነው። «ሃይፐር» በ«ሃይፖ» ቢለወጥ ግን ትርጉሙ ተገልብጦ የአሲድ ማነስ ስለሚሆን አንባቢ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ይህ አሲድ ከውጭ የሚገባ መርዝ አይደለም። በጨጓራ ውስጥ መኖሩን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ፕራውት በ1824 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሳውቋል። የጤነኛ ሰው ጨጓራ በቀን ሁለት ሊትር ያህል ፈሳሽ ያመነጫል። አሲዱ ምግብን ለመፍጨት ይረዳል፤ ከምግብ ጋር የሚገቡትንም ብዙ ተሐዋስያን ይገድላል። ጨጓራ ራሱን እንዳይበላ የሚከላከለው ውስጡን የሸፈነው ልጋግ ነው።

ያገራችን ሰው በዚህ ረገድ ሁለት ቃላት አሉት። «ቃር» የሚለው አሲዱ ወደ ጉሮሮ ሲወጣ የሚሰማውን ማቃጠል በትክክል ይገልጻል። «ጨጓራ አለብኝ» ሲል ግን የብልቱን ስም ለበሽታው መስጠቱ ነው፤ ጨጓራ የሌለው ሰው የለምና። በዚህ አንድ ስም ሥር ቁስሉም፣ እብጠቱም፣ ቃሩም ተጠቅልለው ይኖራሉ።

ማቃጠል ሁሉ የአሲድ መብዛት ነው ማለትም ስሕተት ነው። ቃር በያዘው ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ አሲዱ አልበዛም፤ ቦታውን ስቶ ነው እንጂ። አሲድ በእርግጥ እጅግ የሚበዛበትን ከዕጢ የሚመጣ ሕመም ዞሊንገርና ኤሊሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1955 ገልጸዋል፤ ነገር ግን ይህ ብርቅ ነው። የጨጓራ ቁስልንም ቢሆን ሰው ለብዙ ዘመን በበርበሬና በሐሳብ ሲያመካኝ ኖሯል። በ1982 ግን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለችውን ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። ለቁስሉም ዋና ምክንያት መሆኗ ስለ ታወቀ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሌላው ትልቅ ምክንያት እንደ አስፒሪን ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ማዘውተር ነው።

በደጋው አገር ሆድ ሲያቃጥል ተልባ ዘፍዝፎ መጠጣት የታወቀ ነው። የተልባው ልጋግ ለጊዜው ማቃጠሉን ሊያበርድ ይችላል፤ ባክቴሪያዋን ግን አያጠፋም። ለእርሷ የሚታዘዙት ፀረ ተሐዋስያንና አሲድ መቀነሻው ናቸው፤ እነዚህንም ማቃጠሉ ቀረ ተብሎ በመካከል ማቋረጥ አይገባም። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ወይም ደም ያስታወከ ሰው ከውስጥ እየደማ ሊሆን ስለሚችል ተልባ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

ለዕረፍት ወደ አገሬ በሄድሁ ጊዜ አያቴን «አባባ፣ ይህ አሲድ ከአንቱ ከራስዎ ሆድ የሚፈልቅ ነው፤ እንደ እርሾ ውሃ ኮምጣጣ ነው። ማንም አላጠጣዎትም» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያማ የሰው ኃጢአት ገብቻለሁ» አሉ። በማግሥቱም ወደዚያ ጎረቤት ቤት ሄዱ።

ስለዚህ ለበሽተኛ በሚነገርበት ጊዜ «አሲድ በዝቶብዎታል» ከማለት «ጨጓራዎ የሚያመነጨው ኮምጣጣ ፈሳሽ በዝቷል» ቢባል የተሻለ ይመስለኛል። ቃሉ ጥቂት ይረዝማል፤ ዳሩ ግን ሰውን ከጎረቤቱ አያጣላም።