የግሪን ካርድ ወረፋና የሠርግ ቀን

የዕረፍት ጊዜ ተቃርቦ ወደ አገር ቤት የምንገባበት ወቅት ሲደርስ፣ ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ደጋግሞ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «እናቴ አሜሪካ ሆነው ፋይል ከፍተውልኛል፤ ዘንድሮ ባገባ ምን ይመጣብኛል?» የሚል ነው። ለጠያቂው ሁሉ በየተራ ከምንመልስ፣ በዚህ ገጽ ብናብራራው የተሻለ መስሎ ታይቶናል።

በአሜሪካ ሕግ ዘመዱን የሚያስጠራ ሰው ወይ ዜጋ ወይ ባለ ግሪን ካርድ መሆን አለበት፤ የሁለቱ መብት ግን እኩል አይደለም። ዜጋ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን፣ ዕድሜው 21 ከሞላም ወላጆቹን፣ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ማስጠራት ይችላል። ባለ ግሪን ካርድ የሚችለው የትዳር ጓደኛውንና ያላገቡ ልጆቹን ብቻ ነው። አክስት፣ አጎትና አያት በእኛ ዘንድ የቅርብ ሥጋ ቢሆኑም በዚህ ሕግ ቦታ የላቸውም። የዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ ወላጅ፣ 21 ዓመት ያልሞላው ያላገባ ልጅም ወረፋ አይጠብቁም። የቀሩት ማመልከቻቸው በገባበት ቀን ተራ ይዘው፣ በየወሩ የሚወጣውን የቪዛ ማስታወቂያ እየተመለከቱ ይቆያሉ፤ የወንድምና የእኅት ተራማ ከ15 ዓመት በላይ ይፈጃል።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ዕድሜው ከ21 በላይ የሆነ የባለ ግሪን ካርድ ልጅ ተራው የሚጸናው ሳያገባ እስከ ቆየ ድረስ ነው። ባገባበት ቀን ማመልከቻው በራሱ ይሰረዛል፤ ደብዳቤ እስኪደርስ የሚጠብቅ ነገር የለም። ስምንት ዓመት የተጠበቀ ተራ በአንድ እሑድ ይጠፋል። ኋላ ቢፋታም አይመለስለትም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «ማዘጋጃ ቤት አልሄድንም፤ ቄስ ነው ያጋባን» ወይም «ኒካህ ብቻ ነው ያሰርነው» ስንል ነው። አሜሪካኖቹ ጋብቻውን የሚመዝኑት በተፈጸመበት አገር ሕግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕጋችን ደግሞ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትም ሆነ በባህል ሥርዓት የተፈጸመውን ጋብቻ ሁሉ ያውቀዋል። ሽማግሌ መላክና ቀለበት ማሰር ግን ብቻውን ጋብቻ አይደለም። ደብቆ ማለፍንም የሚመክሩ አሉ። ለቆንስሉ «ላጤ ነኝ» ያለ ሰው ኋላ ሚስቱን ሊያስጠራ የጋብቻ ወረቀቱን ሲያቀርብ ቀኑ ያጋልጠዋል፤ ያን ጊዜ የራሱም ግሪን ካርድ አደጋ ላይ ይወድቃል።

መውጫው የወላጅ ዜግነት ነው። ባለ ግሪን ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ዓመት በኋላ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። እናት መሐላ ከፈጸሙ በኋላ ልጃቸው ቢያገባ ፋይሉ አይሰረዝም፤ የመጀመሪያውን ቀን እንደ ያዘ ወደ ያገቡ የዜጋ ልጆች ተራ ይዛወራል። ይህ ተራ ረዥም ነው፤ ሆኖም ሚስትና ልጆችም አብረው ይገቡበታል። ከመካከላችን የአንዱ እናት መሐላ የፈጸሙት ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። የሰባት ዓመት ተራው ጠፍቶ አዲስ ማመልከቻ ከወረፋው ጭራ ተጀመረለት። ሠርጉ አንድ ወር ቢዘገይ ኖሮ ተራው ባልጠፋ ነበር፤ የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

ሌላው መንገድ ላጤ ሆኖ ገብቶ፣ ከዚያ አግብቶ ማስጠራት ነው። እዚህ ላይ የምትጠብቀው ሙሽራይቱ ስለ ሆነች፣ ነገሩን ለእርሷም ለቤተ ሰቧም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት መንገር የሚገባ ይመስለናል።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2026 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ማቆሙን ማስታወቁ ይታወሳል። ውሳኔው የነካው የቪዛውን አሰጣጥ ነው፤ ስለ ጋብቻ የዘረዘርነውን ሕግ አልለወጠውም። ስለዚህ «ቪዛው ቆሟልና ባገባስ» የሚለው ስሌት አያዋጣም።

ለዕረፍት የምትሳፈሩ አባላት የማመልከቻውን መቀበያ ወረቀት ቅጂ ይዛችሁ፣ የወላጃችሁንም የዜግነት ሁኔታ በስልክ ጠይቃችሁ ብትመጡ፣ ተራችሁ የትኛው እንደ ሆነ አብረን እናያለን።