የናፍጣ ጥላሸት፦ ማጣሪያው ካልያዘው ማን ይይዘዋል?

ሙሉ ጭነት ተሸክሞ የጣርማ በርን ዳገት የሚወጣ የናፍጣ መኪና ከኋላው ጥቁር ጭስ ሲያትጎለጉል ማየት ለማንኛችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን «መኪናው አርጅቷል» ብለን እናልፈዋለን። እርጅናው ድርሻ ቢኖረውም ጉዳዩ ከዚያ የሰፋ ነው። ለመሆኑ ይህ ጭስ ከምን ይመነጫል? ወዴትስ ይሄዳል? እንዴትስ መቀነስ ይቻላል?

ጭሱ እንዴት ይፈጠራል?

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በተሳካ ሁኔታ ያሠራው ሞተር የእሳት ብልጭታ አያስፈልገውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲያምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚደርስ፣ በዚያ ቅጽበት የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ይሁን እንጂ ናፍጣውና አየሩ አስቀድመው ስላልተደባለቁ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ኦክስጅን የሚያጥራቸው ስፍራዎች ይኖራሉ። በእነዚህ ስፍራዎች ናፍጣው በሚገባ ሳይነድ ይቀርና ካርቦኑ ጥላሸት ይሆናል።

አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲነድ 14.5 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይሻል። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ መሀል አገር የሚወጣ መኪና የሚስበው አየር እየሳሳ ይሄዳል። አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ቱርቦ የሌለው፣ የናፍጣ ፖምፓውም ለከፍታው ያልተስተካከለ ሞተር ግን በዳገት ላይ አየሩ ከሚበቃው በላይ ናፍጣ ይረጫል፤ ትርፉም ጭስ ይሆናል።

ማጣሪያውና ሳንባው

አብዛኞቹ የጥላሸት ቅንጣቶች ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሱ ናቸው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ግን 70 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ጭሱ ከዓይናችን ቢሰወርም ቅንጣቶቹ በአየር ውስጥ ይቆያሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተርን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች ጋር መድቦታል።

ቅንጣቶቹ እጅግ ጥቃቅን በመሆናቸው የአየር ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገጯቸው ያለ ሥርዓት ይንቀጠቀጣሉ። ይህ አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 በሒሳብ ያብራራው የብራውን እንቅስቃሴ ነው። እንዲህ የምትንቀጠቀጥ ቅንጣት ግድግዳ ከነካች እዚያው ትጣበቃለች። በሳንባችን የአየር ከረጢቶች ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

የሚያስደንቀው፣ የጭስ ማጣሪያም በዚሁ ሕግ መሥራቱ ነው። ማጣሪያው የማር እንጀራ የሚመስል ሴራሚክ ሲሆን፣ ቱቦዎቹ ግማሾቹ በፊት፣ ግማሾቹ በኋላ በኩል ስለተደፈኑ ጭሱ የግዱን በግድግዳቸው ውስጥ ያልፋል። የግድግዳው ቀዳዳዎች 10 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ስላላቸው፣ ሥራው እንደ ወንፊት ቢሆን ኖሮ ቅንጣቶቹ ባመለጡ ነበር። ነገር ግን እየተንቀጠቀጡ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃሉ። ደህና የሚሠራ ማጣሪያ ከጥላሸቱ ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል። ማጣሪያው ያልያዘውን ግን በመንገድ ዳር የሚኖረው፣ የሚነግደውና የሚመላለሰው ሰው በሳንባው ይረከባል።

ማጣሪያ ብቻውን ለምን አይበቃም?

በማጣሪያው የተጠራቀመው ጥላሸት ካልተቃጠለ ጭሱ መውጫ ያጣል። ጥላሸት በአየር ለመንደድ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚፈልግ፣ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ለመርዳት ፕላቲነም ጥቅም ላይ ይውላል። ድኝ የበዛበት ናፍጣ የፕላቲነሙን ሥራ ያዳክማል፤ ሰልፌት የተባለ ተጨማሪ ቅንጣትም ይፈጥራል። በዚህ ምክንያት አሜሪካ ከ2006 ጀምሮ ለመኪናዎች በሚቀርብ ናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ በኪሎ ግራም ከ15 ሚሊ ግራም፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ደነገጉ። ንጹሕ ናፍጣ በሌለበት የሚገጠም ማጣሪያ ውሎ አድሮ ይደፈናል፤ ተቆርጦ ይጣላልም።

ከየትኛው መኪና እንጀምር?

በአንድ ድርጅት መኪናዎች መካከል ጥቂት ያረጁትና ያልተጠገኑት ከቁጥራቸው በላይ የሆነውን ጭስ ያወጣሉ። የካሊፎርኒያዎቹ የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች ይህን ተገንዝበው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2008 ጀምሮ ከ1989 በፊት የተሠሩ የጭነት መኪናዎችን አገዱ። በኮንቴይነሮች ላይም ለመኪና መተኪያ የሚውል ክፍያ ጣሉ። ከጥር 2012 ጀምሮ ደግሞ የ2007ን የሞተር ደረጃ የማያሟላ መኪና እንዳይገባ ተደረገ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስመሩ ላይ ጥላሸት ሳያወጣ ጭነት ሊያመላልስ ይችላል። በመንገድ ላይ ለሚቀሩት መኪናዎች ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ ፖምፓን ለከፍታው ማስተካከል፣ ኢንጄክተርንና የአየር ማጣሪያን በጊዜው መመርመር፣ ንጹሕ ናፍጣ ማቅረብ፣ ከዚያም የጭስ ማጣሪያ መግጠምና መጠበቅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሌላ አገር ቴክኖሎጂ እስኪመጣ የሚጠብቁ ሳይሆኑ ማንኛውም ጎበዝ መካኒክ ነገ ጠዋት ሊጀምራቸው የሚችላቸው ሥራዎች ናቸው።