አዲስ ጊታር ከመግዛትዎ በፊት
በመዘምራን መካከል ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወቱ ከሆነ፣ ጉባኤው ለጸሎት ጸጥ ሲል ከስፒከሩ የሚወጣውን «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ያውቁታል። ብዙዎች ጊታሩ አርጅቷል ብለው ለአዲስ ገንዘብ ማሰባሰብ ይጀምራሉ። አይቸኩሉ።

በመጀመሪያ ጃኩን ይመልከቱ። ኬብሉ ሲነካ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ጃኩ ላልቷል ወይም ብየዳው ለቋል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። የድምፅ መቆጣጠሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ በኮንታክት ክሊነር ይጽዳ፣ ካልተሻለው ይቀየር። ሲቀየር ግን መጠኑን ይለዩ፤ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ በተለምዶ 250፣ ሀምበከር ደግሞ 500 ኪሎ ኦም ይወስዳል። ለሀምበከር 250 ቢገጠም ድምፁ ይደበዝዛል።

ወደ «ዝዝዝታው» እንመለስ። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ካለው የመብራት መስመር የሚመጣውንም መግነጢሳዊ መስክ ይቀበላል። የጊብሰኑ ሴት ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ አገናኝቶ ሀምበከርን የሠራው ለዚህ ነው፤ ጩኸቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። የጊታሩን የውስጥ ክፍተት በመዳብ ቴፕ ሸፍኖ ከግራውንዱ ጋር ማገናኘትም ይረዳል፤ ሆኖም መግነጢሳዊውን ጩኸት አያስቀርም።

መቃኛዎቹን እኔ ብሆን መጨረሻ ላይ ነው የምቀይረው። ቅኝት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ በሚያልፉበት ቦይ ውስጥ ስለሚይዛቸው ነው፤ እዚያ ላይ የእርሳስ ዱቄት ይሞክሩ።