ስለ እጅ ጂፒኤስ አመራረጥና አያያዝ፤ በሐይቅ ላይ ለሚያጠምዱና በዱር በገደል ለሚጓዙ

በጣና ሐይቅ መረቡን በማታ ጥሎ በማለዳ የሚያነሣ ዓሣ አጥማጅ የመረቡን ስፍራ የሚያውቀው፥ የደሴቱን ዛፍ ከተራራው ጫፍ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ጕልላት ከዳርቻው ቋጥኝ ጋር በዐይኑ እያስተካከለ ነው። ይህ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ስለ ሆነ ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን ጉም በወረደ ጊዜ፥ ወይም ነፋስ ተነሥቶ ታንኳውን ከመንገዱ ባወጣው ጊዜ፥ ዐይን የሚይዘው ምልክት ሁሉ ይጠፋል። መረቡ የጠፋበት ሰው ጥሪቱን ያጣል፤ መንገዱ የጠፋበት ደግሞ ለነፍሱ ያሠጋዋል። ሐይቁ በርዝመት 84፥ በወርድ 66 ኪሎሜትር ያህል ነውና፥ በመካከሉ ሳለ የመሸበት ሰው ወደየት እንደሚቀዝፍ ካላወቀ ሌሊቱን በከንቱ ሲደክም ያድራል።

ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንትና ጀልባ አሰማርተው የሚያጠምዱ ባለሀብቶች፥ በእጅ የሚያዘውን ጂፒኤስ ለመግዛት በሚነሡበት ጊዜ ምን መመልከት እንደሚገባቸው፥ ከገዙትም በኋላ እንዴት ሊያሠሩበት እንደሚችሉ ማወቅ ያስፈልጋቸዋል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ አላዋቂ እጅ ገብቶ በሣጥን ውስጥ ሲቀር፥ ዋጋው የቀለለው ደግሞ አያያዙን በሚያውቅ ሰው እጅ ሲጠቅም ይታያል።

ጂፒኤስ ማለት ከሰማይ የሚወርድለትን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ስፍራ ራሱ የሚያሰላ መሣሪያ ነው። ምልክቱን የሚልኩት በ20,200 ኪሎሜትር ያህል ከፍታ ምድርን የሚዞሩ ሳተላይቶች ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን ያመጠቀው በየካቲት 1970 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሥራው በሙሉ ተፈጽሞ የታወጀው በ1987 ዓ.ም. ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ያስታውቃል፤ መሣሪያውም ምልክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያገኛል፤ አራት ሳተላይቶች ከተገለጡለት ስፍራውንና ከፍታውን ይወስናል። እስከ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝብ የተፈቀደው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለ ነበረ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ዛሬ ግን ሰማዩ በተገለጠበት ስፍራ ስሕተቱ ከ5 እስከ 10 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም መረብ ፈልጎ ለማግኘት ይበቃል።

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ተራው ጂፒኤስ ይቀበላል እንጂ አይልክም። የስልክ መሥመር በሌለበትም የሚሠራው ስለዚህ ነው፤ ነገር ግን የጠፋው ሰው የት እንዳለ ለሌላው አያስታውቅም። መልእክት በሳተላይት የሚልኩ ዓይነቶች አሉ፤ እነርሱም በየጊዜው የሚከፈልበት ውል ይጠይቃሉ። እንደዚሁም መሣሪያው የውኃውን ጥልቀት አይለካም፥ ዓሣም አያሳይም። ያን የሚያደርገው ድምፅ ወደ ውኃ ልኮ መልሱን የሚሰማ ሌላ መሣሪያ ነው፤ ሻጩ ሁለቱን አደባልቆ ቢናገር ገዢው እንዳይታለል ይጠንቀቅ። ጣና ከጥልቅ ስፍራው እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ የማያልፍ ሐይቅ ስለ ሆነ፥ በታንኳ ለሚያጠምድ ሰው ጥልቀት መለኪያው እጅግም አያሻውም።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፥ አስቀድሞ የሚታየው የሚይዘው ሰው እጅ ነው። የዓሣ አጥማጅ እጅ እርጥብና በቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ በጣት ዳሰሳ የሚታዘዝ መስተዋት በእንዲህ ያለ እጅ ሲነካ እንቢ ይላል፥ ወይም ያልታዘዘውን ይሠራል። ስለዚህ ቍልፍ ያለው ይመረጣል። ሁለተኛው የኃይሉ ነገር ነው። በገበያ በሚሸጠው በተራው የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሣሪያ መብራት ለሌለው መንደር እጅግ ይስማማል። ጋርሚን ከሚባለው ሠሪ የሚመጣው ትንሹ ኢትሬክስ ለምሳሌ በሁለት ድንጋይ ሃያ ሰዓት ያህል ይሠራል። በውስጡ በተቀበረ ባትሪ የሚሠራው ግን ካለቀበት፥ መብራት እስኪገኝ ድረስ ከድንጋይ አይሻልም። ሦስተኛው ውኃ መቋቋሙ ነው። በመሣሪያው ላይ አይፒኤክስ 7 የሚል ከተጻፈበት፥ በ1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቈይ አይበላሽም ማለት ነው። አለመበላሸት ግን መንሳፈፍ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከታንኳ ከወደቁ ይሰጥማሉ። የሚንሳፈፍ ዓይነት ካልተገኘ በጠንካራ ገመድ ከአንገት ወይም ከታንኳው ጋር ማሰር ነው።

ስለ ሥዕሉ ማማር፥ ስለ ካርታው ቀለም፥ ስለ ሌላውም ጌጥ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ዋስ እና ኢግኖስ የሚባሉት ማረሚያዎችም የተዘጋጁት ለሰሜን አሜሪካና ለአውሮጳ ስለ ሆነ፥ በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር መዝጋቱ ባትሪ ይቈጥባል እንጂ ምንም አያጎድልም። ከአሜሪካው ሌላ የሩስያን፥ የአውሮጳንና የቻይናን ሳተላይቶች የሚቀበለው ግን በጥልቅ ሸለቆ ለሚጓዝ ሰው በእርግጥ ይጠቅማል።

ስልክ ካለ ጂፒኤስ ለምን ይገዛል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በስልክ ውስጥ ያለው መቀበያ ያለ ኔትዎርክ ይሠራል፤ ካርታው አስቀድሞ ከተጫነበትም መንገድ ያሳያል። አንድ ቀን ለሚጓዝ ሰው ይበቃው ይሆናል። ሆኖም በፀሐይ ላይ መስተዋቱ አይነበብም፥ በእርጥብ እጅ አይታዘዝም፥ ባትሪውም በፍጥነት ያልቃል፤ ባትሪው ባለቀ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ብቻ ሳይሆን ርዳታ የሚጠራበት ስልኩም አብሮ ይጠፋል።

ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ከወደቡ ሳይነሡ የወደቡን ስፍራ ምልክት አድርጎ መያዝ። መሣሪያውን ከጣራና ከዛፍ ውጭ አብርቶ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ከሩቅ አገር የመጣ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ስፍራው ሲጸና ምልክቱን አድርጎ “ወደብ” ብሎ መሰየም፥ መረቡ በተጣለበትም ስፍራ እንዲሁ ማድረግ ይገባል። ወደቡን ሳይዝ የሄደ ሰው ያለበትን ቍጥር እያየ የሚመለስበትን አያውቅም። ወጣቱ በቶሎ ይማረዋል፤ አረጋውያኑም ቢሆኑ ሁለት ቍልፍ ብቻ እንዲያውቁ ቢደረግ፥ አንዱ ለምልክት አንዱ ለመመለስ፥ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይበቃቸዋል።

በመመለሻ ጊዜ መሣሪያው የሚያሳየው ቀጥታውን መሥመር ነው፤ በመካከል ያለውን የብስ አይቈጥርም። ከዘጌ በስተ ምዕራብ ሆኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ ታንከኛ ቀስቱን ብቻ ቢከተል የሚገጥመው የዘጌ ምድር ነው። ስለዚህ የዘጌን ጫፍ በሌላ ምልክት ይዞ፥ አስቀድሞ ወደዚያ፥ ከዚያ ወደ ወደብ መሄድ ይኖርበታል። ደግሞም ኮምፓስ የሌለው መሣሪያ አቅጣጫን የሚያውቀው በመንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ታንኳ በቆመ ጊዜ ቀስቱ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ቀዛፊው ጥቂት ቀዝፎ ቀስቱ ሲጸና በዚያ አንጻር ያለ ኮከብ ወይም መብራት ቢይዝ፥ ዐይኑን ከመስተዋቱ አንሥቶ ሊቀዝፍ ይችላል። እዚህ ላይ የአባቶች ጥበብና አዲሱ መሣሪያ ይገናኛሉ። ኮምፓስ ያለው ከሆነ ድንጋዩ በተለወጠ ቍጥር ኮምፓሱን እንደገና ማስተካከል አይዘንጋ።

በየብስ ለሚጓዙም አያያዙ ይኸው ነው። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ገደላማ ስፍራ ግን ግድግዳው ሳተላይቶቹን ይሸፍናል፥ ምልክቱም ከዐለት ነጥሮ ስለሚመጣ ስሕተቱ ይበዛል። የመጡበትን ዱካ የሚመዘግበውን ክፍል ከመነሻው ከፍቶ መሄድ፥ በመጡበት ለመመለስ ከቀጥታው መሥመር ይልቅ የታመነ ነው።

አሁን ሹማምንትን በተለይ ወደሚመለከተው እንምጣ። በክረምት ትልልቆቹ የቢልጫ ዓሦች ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወደ መሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ መረብ በመጣሉም ዘራቸው በእጅጉ ተመናምኗል። አጥቢያው በዚህ ጊዜ እንዳይጠመድበት የተከለለውን ስፍራ ሲወስን፥ ወሰኑም መረቡም በጂፒኤስ ቍጥር ይመዘገባል። ቍጥሩ ከተሳሳተ የሚቀጣው ንጹሕ ሰው ነው።

ስሕተቱ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው የአጻጻፉ ነው። ባሕር ዳር በሰሜን 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ላይ ትገኛለች፤ ይህ በአሥርዮሽ ሲጻፍ 11.60 ነው። ጸሐፊው ደቂቃውን እንዳለ ወስዶ 11.36 ቢል፥ ስፍራው ከ26 ኪሎሜትር በላይ ወደ ደቡብ ወርዶ ሐይቅ በሌለበት በየብስ ላይ ይውላል። እንዲህ ያለው ትልቅ ስሕተት ስለሚያስቅ ቶሎ ይገኛል።

ሁለተኛው ግን የተሰወረ ነው። 1 ለ50,000 ሆነው የታተሙት የቀድሞ የአገሪቱ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መሠረት ሲሆን፥ ጂፒኤስ ሲገዛ የሚናገረው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ነው። ሁለቱ ቍጥሮች አንድ ስፍራን አይናገሩም፤ በሜትር ቍጥር ሲጻፉ የጂፒኤሱ ወደ ሰሜን 200፥ ወደ ምሥራቅም 90 ሜትር ያህል ይበልጣል። ወሰኑ ከአሮጌው ካርታ ተነቦ መረቡ በጂፒኤስ ቢለካ፥ ከወሰኑ ውጭ ያጠመደው ሰው ውስጥ ገብቶ ሊገኝ፥ ውስጥ ያጠመደው ደግሞ ነጻ ሊወጣ ይችላል። መሣሪያው አልዋሸም፥ ካርታውም አልዋሸም፤ ሁለቱን ያላስማማው ጸሐፊው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ መሠረቱን ከካርታው ጋር አንድ ማድረግ፥ ይልቁንም ወሰኑን ራሱን በስፍራው ቆሞ በዚያው መሣሪያ መለካት ነው።

ስለዚህ በመዝገብ ላይ ቍጥሩ ብቻውን አይጻፍ፤ ቀኑ፥ የመሠረቱ ስም፥ የአጻጻፉ ዓይነት፥ የዞኑም ቍጥር አብሮ ይጻፍ። ጣና በ37ኛው ዞን ሲሆን፥ ጋምቤላ በ36ኛው፥ ጅጅጋ በ38ኛው ነው፤ ዞኑ ያልተጻፈበት ቍጥር በሦስቱም ላይ ሊውል ይችላል። መረብ ተይዞ ክርክር በተነሣ ጊዜም ዓሣ አጥማጁ ባለበት፥ በመረቡ በሁለቱም ጫፍ ላይ ልኬቱ ተደግሞ ይወሰድ። ልዩነቱ ከ10 ሜትር በታች ከሆነ፥ መሣሪያው ከዚያ የበለጠ ስለማያረጋግጥ፥ ከወሰን አለፍህ ብሎ መፍረድ አይቻልም።

መሣሪያው ከሥራ ሲመለስ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፥ በጨርቅ ደርቆ፥ የድንጋዩ ክዳን ከአሸዋ ይጠረግ። ለብዙ ጊዜ የማይሠራበት ከሆነ ድንጋዩ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ በውስጡ የፈሰሰ ድንጋይ ከሐይቁ ውኃ ይልቅ ብዙ መሣሪያ አበላሽቷል።