ሞተሩ ዳገት ላይ ሲታፈን

ሞተሩ ወርዶ ከተሠራ በኋላ “ከበፊቱ ባሰበት” ተብሎ የሚመጣ ሞተር ሳይክል አዲስ አበባ፣ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ብርቅ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ነጂው ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ነው። ፒስተኑ በትልቅ ተለውጧል፤ የፊልትሮው ቤት ወጥቶ ክፍት ፊልትሮ ገብቷል፤ የማርሚታው ሆድ ዕቃም ተነሥቷል። ልጁ ጉልበት ፈልጎ ገንዘቡን አፈሰሰ፤ ያገኘው ግን የሚቆራረጥ፣ ሚኒሞ የማይዝ፣ ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የብዙ ሰው እጅ የሚሮጠው ወደ ካርቡሬተሩ ነው። እኔ ካርቡሬተሩን የምነካው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ኮምፕሬሽን እለካለሁ። ዝቅ ካለ የካም ሰንሰለቱ አንድ ጥርስ ዘሎ ተገጥሞ ወይም ቫልቩ ከልክ በላይ ጠብቆ ሊሆን ይችላል። ቀዝቅዞ ሲያድር በቀላሉ ተነሥቶ ሲሞቅ አልነሣ የሚል ሞተር ካጋጠመኝ ቀድሜ የምጠረጥረው የቫልቭ ክፍተቱን ነው። ቀጥዬ ካርቡሬተሩን ከቴስታታው ጋር የሚያገናኘውን ላስቲክ አያለሁ። የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ዙሩ ቶሎ የማይወርድ ከሆነ በዚያ በኩል አየር ይሰርቃል ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ መገጣጠሚያው ላይ ጥቂት ውሃ ሲነካ ድምፁ ከተለወጠ ማስረጃው ተገኘ። በቤንዚን መሞከር ግን የጋለ ሞተር ላይ እሳት መጋበዝ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ሲሆን ነው ወደ ቤንዚንና አየር ሂሳብ የምገባው። ሲሊንደሩ ከ57 ሚሊ ሜትር ወደ 62 ሲሰፋ የሚይዘው መጠን 18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ክፍት ፊልትሮና ክፍት ማርሚታ ሲታከሉበት ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ እንዲበዛ “ትልቅ ጄት ግጠም” የሚለው ምክር ይመጣል። ምክሩ ለባሕር ጠረፍ አየር ልክ ነው። እኛ የምንሠራው ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ካርቡሬተር አየሩ በሳሳ መጠን ቤንዚኑን አይቀንስም። የተለወጠው ዕቃ ቤንዚን ሲያሳንስ ከፍታው ያበዛዋል፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ በግምት አይታወቅም።

ስለዚህ ዳገቱ ራሱ መመርመሪያዬ ነው። ሲ.ኤም.ሲ ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚታፈነውን ሞተር፣ ነዳጁን ሙሉ ከፍቼ አስወጣውና እዚያው አጥፍቼ ካንዴላውን እፈታለሁ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ከነጣ አንሶታል፤ ቡናማ ከሆነ ልኩን አግኝቷል። ቾክ ሲሳብለት የሚሻለው ሞተርም ቤንዚን ያነሰው ነው። ችግሩ ሚኒሞ ላይ ከሆነ የሚኒሞውን ማስተካከያ፣ መካከለኛ ነዳጅ ላይ ከሆነ መርፌውን፣ ሙሉ ሲከፈት ከሆነ ዋናውን ጄት እነካለሁ። በአንድ ጊዜ የምለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ከተለወጠ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም።

እዚህ ልኩን ያገኘ ሞተር ሌላ አደጋ አለበት። ወደ አዳማ፣ ከዚያም 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው አዋሽ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ጄቱ ግን ያው ነው። ቤንዚን አንሶት በሜዳው ላይ ለረጅም ሰዓት በፍጥነት ከተነዳ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ለሩቅ መንገድ የሚዘጋጅን ደንበኛ ይህን ሳልነግር አልሸኝም።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን ከገደበች ወዲህ ተፈቅዶለት የሚሠራ ሞተር ሳይክል በአመዛኙ የአንድ ቤት እንጀራ ነው። አንድ ቀን ሲቆም የሚጎድል ነገር አለ። የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው ሁለት ነገር ነው፦ የወጣውን ኦሪጅናል ዕቃ ለባለቤቱ አስረክቡ፤ የገባውን ፒስተን ልክ፣ የጄቱን ቁጥርና የቫልቩን ክፍተት ጽፋችሁ ስጡት። ነገ ሞተሩን የሚከፍተው ሌላ ባለሙያ ከዚያ ይጀምራል፤ ልጁም ለግምት ሁለተኛ አይከፍልም።